ቦቃው በሬና እኔ

በሬውንና እኔን ያጠቡን ባንድ ጠዋት ነው። በሬውን አጎቴ ጃኦማና ወንዙ ዳር አቁሞ በኮኮናት ገለባ ፈተገው። እኔን ደግሞ አክስቴ ካሎ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ በዚያው ዓይነት ገለባ ፈተገችኝ። ከጆሮዬ ጀርባ፣ ከጣቶቼ መካከል፣ ከብብቴ ስር ምንም አላስቀረችም። በሬው ጭራውን እንኳ ሳይወዘውዝ ቆመለት። እኔም እንደሱ ዝም አልኩ። እሱ ለምን ዝም እንዳለ አላውቅም። እኔ ግን ዝም ያልኩት በዚያ ቀን እንደምሞት ስለማውቅ ነበር።

አትደንግጡ ልጆቼ። አልሞትኩም፤ ይኸው ጥርሴን አራግፌ፣ የልጅ ልጅ አይቼ ነው የማወጋችሁ። ያኔ ግን ገና ሰባት ዓመቴ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ያየውን ሁሉ ያገጣጥማል። ያየሁት እውነት ነበር፤ የተሳሳተው አገጣጠሜ ነው።

መንደራችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም ነበር። ጠዋት የተነሳ ሰው ፀሐይ ሳይከር ይደርሳል። በሐይቁ ውስጥ የሚኖሩት አዞዎች ዘመዶቻችን ናቸው። እንዲህ ስል ተረት የማወራ አይምሰላችሁ፤ እኛ ዘንድ ልጅ ከጡት ጋር የሚጠባው ነገር ነው። ድሮ ሐይቁ ባለበት ቦታ መንደር ነበረ። አንድ መንገደኛ ውሃ ጠምቶት በየደጁ ቢለምን ሁሉም ነፈገው፤ አንዲት አሮጊት ብቻ በቅል ቀድታ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲያበቃ፣ “ልጆችሽን ይዘሽ ከዚህ ውጪ” አላት። ወጣች። ሲነጋ መንደሩ የለም፣ ውሃ ነው። የሰመጡትም አዞ ሆነው ቀሩ። እኛ የአሮጊቷ ዘሮች ነን።

ስለዚህ በዚያ ውሃ ገላ አይታጠቡበትም። በጣትም አይጠቁሙትም፤ መጠቆም የግድ ከሆነ ጣት ታጥፎ በአንጓው ነው። የቸገረው ሰው ዳር ቆሞ ይሳላል። የለመነው ሲደርስለት በሬ ይዞ ይመለሳል፤ በሬው ይታረድና ሥጋው ለዘመዶቻችን ይጣላል።

አክስቴ ካሎ የእናቴ ታላቅ ናት። የምትኖረው ዲዬጎ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ ነው። ባሏ ጃኦማና መኪና አለው፤ ጫትና ሰው ከገጠር ከተማ ያመላልሳል። ልጅ አልነበራቸውም። ካሎ፣ “ልጅ ከሰጣችሁኝ ግንባሩ ነጭ በሬ አመጣላችኋለሁ” ብላ መሳሏን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዓመት ዓመትን እየተካ ሲሄድ ነገሩን ማንሳት ነውር ሆነ።

እኔ ላይ ነገር የተጀመረው ዝናቡ አባርቶ፣ ሩዙ ታጭዶ፣ የደረቁ ወራት ነፋስ መንፈስ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ እናቴ ምንጣፌን ለየችው። እስከዚያ ድረስ ጀርባዋ ላይ ተለጥፌ ነበር የምተኛው፤ አንድ ቀን ማታ ምንጣፌን ወስዳ ከበሩ አጠገብ አነጠፈችልኝ። ቀጥሎ ማንኪያዬና ሳህኔ ተለዩ። ስጠጋት፣ “ራቅ በይ ሶአ፣ ይሞቀኛል” ትለኛለች። ነፋሱ የዘንባባ ጣራችንን እየቦጫጨቀ እንዴት ነው የሚሞቃት?

እናቴ ዛፊሶአ አቃፊ ሰው ነበረች። የጎረቤት ልጅ እንኳ ሲያልፍ ሳትጎትት፣ ጭንቅላቱን ሳታሽት አትለቅም። አሁን ግን ወደ እሷ ስሮጥ መጥረጊያም ይሁን ቅርጫት የያዘችውን ነገር ከፊቷ ታደርጋለች። አንድ ነገር እንዳጠፋሁ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን ላገኘው አልቻልኩም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ሌት ተቀን ታስል ነበር። ዛሬ ያ ሳል ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ካመት በፊት አባቴን የወሰደው እሱ ነው፤ የአኒቮራኖ ሐኪም ቤት ሰውም እሷንም እንደያዛት ለእናቴ በቁርጥ ነግሯታል። እኔ ነፋሱ ካነሳው አቧራ የመጣ መስሎኝ፣ ውሃ ቀድቼ አቀብላታለሁ። ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጪው ትላለች።

ከዚያ ደግሞ የተገላቢጦሹ መጣ። ሥራ ቀረልኝ። ውሃ የምትቀዳው ቮላ ሆነች፤ ቮላ የአባቴ ወንድም ልጅ ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ ነው። ዶሮ ታረደ፣ በዓል ሳይሆን። እኛ ዘንድ የዶሮ መቀመጫ የታላቅ ድርሻ ነው፤ ለአባት፣ ለሽማግሌ ይሰጣል እንጂ ልጅ አይቀምሰውም። እናቴ ያንን በረጅም ጭልፋ አውጥታ በእኔ ሩዝ ላይ አኖረችው።

“እማ፣ ይኼ የኔ አይደለም” አልኳት።

“ዛሬ ያንቺ ነው። ብዪ።”

በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ግን አልወርድ አለኝ።

ቦቃውም እንዲሁ ነበር። ጃኦማና ከሩቅ አገር ገዝቶት እኛ ጋ የሚቀለብ፣ ግንባሩ ወተት የተደፋበት የሚመስል ጥቁር በሬ ነው። ሌሎቹ በሬዎች ከጠዋት እስከ ማታ ሩዝ ሲያበራዩ እሱ ከትልቁ የጃክ ፍሬ ዛፍ ጥላ ስር ታስሮ ጨው ይልሳል። ፀጉሩ እስኪያበራ ድረስ።

ነገሩን የገጣጠመችልኝ ቮላ ናት። እንስራዋን አውርዳ፣ ወገቧን ይዛ፣ መጀመሪያ በሬውን አየች፣ ከዚያ እኔን።

“አንቺና ቦቃው ምን ለያችሁ?” አለች። “እሱም አይሠራ፣ አንቺም አትሠሪ። እሱ ጨው ይልሳል፣ አንቺ የሽማግሌ ድርሻ ትበያለሽ። ሁለታችሁም ወፈራችሁ።”

“እሱማ ለሐይቁ ስለሆነ ነው።”

“አንቺስ?”

 ቮላ መልሴን ሳትጠብቅ እንስራዋን አንስታ እየተወዛወዘች ሄደች። ክፋት አልነበረባትም፣ በኋላ አርጅታ ጠይቄአት ጭራሽ አታስታውሰውም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬው አጠገብ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። የተለቀቀ እጅ ሲያገኝ ይልሳል። ምላሱ ሻካራ ነው። እሱም እንደኔ የሚያቅፈው የለም።

የሚታረድ ነገር እንደማይታቀፍ የገባኝ እዚያ ተቀምጬ ነው። ልጆች የሚወዱት ጫጩት ሊታረድ ሲል፣ “አትልመዱት፣ ኋላ ታለቅሳላችሁ” ይባላሉ። እናቴም ለዚህ ነው የምትርቀኝ አልኩ። ኋላ እንዳታለቅስ።

ካሎና ባሏ አንድ አመሻሽ ላይ በመኪና መጡ። አክስቴ ስትወርድ እንደወትሮው ከረሜላ አላወጣችልኝም። ዓይኗ አብጧል። እናቴና እሷ ከቤቱ ጀርባ እሳት ላይ ሩዝ ጥደው ሲነጋገሩ እኔ ውስጥ፣ የቀርከሃው ግድግዳ ጋ ተለጥፌ ነበር።

“ዛፊዬ፣ እኔ የለመንኩት እንዲህ ብዬ አይደለም” አለች ካሎ።

“ሐይቁ እንዴት እንደሚሰጥ አንቺ አትመርጪለትም፣ እትዬ።”

“ካንቺ ጉያ ነጥቄ?”

“ስእለትሽን ክፈዪ ነው የምልሽ። በሬው ደርሷል፣ ልጅቷም ደርሳለች። እኔ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም።”

 እሳቱ ይንጣጣል። ከዚያ አክስቴ፣ “ቢያንስ ይነገራት። ነፍስ አውቃለች እኮ” አለች።

“አይነገራትም። ካወቀች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ ዓይን ዓይኔን ካየችኝ እጄ አይፈታም። እዚያው ሐይቁ ዳር ይለቅ። ሥጋው ተጥሎ ሲያበቃ፣ ባንድ ጊዜ።”

ጃኦማና እዚያው ጉቶ ላይ ተቀምጦ ጫቱን እየቃመ ነበር። “ሴቶች፣ ሩዙ አረረ” አለ።

“ሩዙ ይረር” አለችው ካሎ። “አንተ ደግሞ ቅጠልህን ዋጥ።”

“ኧረ እኔ ምን አልኩ? አረረ ነው ያልኩት።” ድምፁ ግን እንደ ቀልደኛ ሰው ድምፅ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ጃኦማና ቦቃውን መረመረ። አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ፤ ሰኮናውን አንስቶ፣ ጆሮውን ገልብጦ፣ ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። “እንከን የለውም” አለ። ብዙ ሳይቆይ ካሎ እኔን በረንዳው ላይ ጠራችኝ። አፍሽን ክፈቺ አለች፤ ከፈትኩ። ምላስሽን አውጪ፤ አወጣሁ። ጀርባዬን ገልጣ ጆሮዋን ለጠፈች፤ ጉትቻዋ ቀዝቃዛ ነበር። “በረጅሙ ተንፍሺ። አሁን ሳዪ።” ሳልኩ።

“አንዷ ጥርሴ ትነቃነቃለች” አልኳት፣ ይኼ ያድነኝ እንደሁ ብዬ።

“ትውለቅ፣ ሌላ ትበቅላለች።” ከዚያ ቀና ብላ እናቴን አየቻት። እናቴ ግቢው ጫፍ ላይ፣ ሙዙ ስር ቆማ ነበር። “ንጹሕ ናት፣ ዛፊ” አለች። “ምንም የለባትም።”

እናቴ ባለችበት ቁጢጥ አለችና ፊቷን በጨርቋ ሸፈነች። ከኀዘን ነው አልኩ። ያ ከደስታ ነበር፤ ሕመሙ እኔ ጋ አለመድረሱን ያረጋገጠችው በዚያች ደቂቃ ነው። ይህንን መረዳት ግማሽ ዕድሜዬን ፈጅቷል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ስእለት አስገቢው ሽማግሌ፣ አባባ ቶምቦ፣ እንከን ያለበትን አይቀበሉም። አንድ ሰው ጆሮው የተቀደደ በሬ አምጥቶ ከመንገድ ሲመልሱት መንደሩ ሁሉ ሲስቅበት አይቻለሁ። ስለዚህ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት የኮኮናት መፋቂያውን ጎተትኩ። ታውቁታላችሁ፣ ቁጭ ብለው የሚፍቁበት፣ ጫፉ ላይ ጥርሳም ብረት ያለው በርጩማ ነው። ጉልበቴን ብረቱ ላይ አድርጌ ገፋሁ። አንዴ ገፋሁና ፈራሁ፤ ሐይቁን አሰብኩና ደገምኩት።

ጩኸቴን ሰምታ እናቴ ሮጣ ገባች።

ያን ጊዜ መራቋን ረሳች። ያዘችኝ። ጭኗ ላይ ጎትታ አስቀመጠችኝ፣ ጉልበቴን በሁለት እጇ ያዘችው፣ ደሙን በመዳፏ ጠረገችው። ምን ሆንሽ አላለችም። የለበሰችውን ጨርቅ ጫፍ በጥርሷ ቀዳ፣ በውሃ ነክራ፣ ጠመዝዛ አሰረችልኝ። ካሰረችው በኋላም እጇ እዚያው ቆየ። ትከሻዋ ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ጭስ ጭስ፣ የኮኮናት ዘይትም ትሸታለች፤ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ።

ድንገት አስታወሰች። ሳሏ መጣ፤ ፊቷን አዙራ እኔን ከጭኗ ገፍታ አወረደችኝና እያሳለች ወደ ውጭ ወጣች። እጇን ስትታጠብ በበሩ ቀዳዳ አየኋት፤ ታጥባ ታጥባ አልበቃት አለ፣ የእኔን እጅና ፊትም መጥታ እንድታጥብ ካሎን ጠራቻት።

እኔ የገባኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጠገነችኝ፣ አባባ ቶምቦ እንዲቀበሉኝ አስተካከለችኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሞከርኩም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጠዋት ተመለስን፣ በሬውም እኔም ወደታጠብንበት። አዲስ ጨርቅ አለበሱኝ፤ ጉንጬን ሴቶች ከእንጨት ፈጭተው የሚቀቡትን ቢጫ ቅባት ቀቡኝ። እናቴ የቀሩትን ልብሶቼን አጣጥፋ በጥቅል አሰረችና ለጃኦማና አቀበለችው። ለቮላ ሊሰጧት ነው አልኩ፤ ለቮላ ያንሳታል ብዬም በልቤ ትንሽ ደስ አለኝ።

በሬው ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ እያጨበጨቡና እየዘፈኑ ሄድን። እናቴ ከሁሉም ኋላ ናት። መለስ ብዬ ባየኋት ቁጥር በአንጓዋ ወደፊት፣ ወደፊት ትለኛለች።

ሐይቁ ያለወትሮው ዝም ብሎ ነበር። ዙሪያውን ሸምበቆ አለ፤ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ነፋሱ ሲነካው ብቻ ይሸበሸባል። አባባ ቶምቦ እግራቸውን ገልጠው ዳሩ ላይ ቆሙና አረቄ አፈሰሱ። “እናንተ ሰዎች፣ እናንተ ዘመዶቻችን” አሉ፣ ጎረቤት እንደሚጠራ ሰው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። “ካሎ መጥታለች። ቃሏን አላጠፈችም። የለመነችውን አግኝታለች፣ የተሳለችውን ይዛለች።” ሴቶቹ ጭብጨባውን አፈጠኑት። መጀመሪያ ግንድ ነው ያልኩት ነገር ወደ እኛ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሌላ ግንድ። ከዚያ ሌላ።

ከአንድ ጻሕል ነጭ አፈር ቀድተው የቦቃውን ግንባር ቀቡ፤ ነጭ ስለነበር አልታየም። ከዚያው ጻሕል የእኔን ግንባር ቀቡ።

በሬውን ሲጥሉት ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲያቃስት ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዓይኔን ስገልጥ እናቴ ብቻዋን ወደ ውሃው ተጠግታለች። ማንም አልከለከላትም። ጎንበስ አለችና ለውሃው አንድ ነገር አንሾካሾከች፤ አጭር ነገር ነው፤ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። አንዱ አዞ አፉን ከፍቶ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ አይንቀሳቀስም። “እሷንም ውሰዱልኝ” እያለቻቸው ነው አልኩ። ከዚያ ተነስታ፣ በእኔ በኩል ሳታልፍ፣ ራቅ ብሎ ወዳለው ማንጎ ዛፍ ሄደች።

ሥጋው ይጣል ጀመር። መንጋጋ ሲገጠም ድምፁ በር በኃይል እንደተዘጋ ነው። ጧ። ከዚያ የውሃ ድምፅ። ደግሞ ጧ። አባባ ቶምቦ እጄን ይዘው አስቆሙኝ። እጄን በካሎ እጅ ላይ አኑረው፣ የእሳቸውን ከላይ ጫኑበት፣ ስለ እናት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቤት ብዙ ነገር ተናገሩ። አንዱንም አልሰማሁም። ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በየት በኩል እንደሚይዙኝ እያሰብኩ ነበር። በእግር በኩል ይሁን ብዬ ለመንኩ።

“በቃ ልጄ” አሉ አባባ ቶምቦ። “አለቀ። ሂጂ፣ መኪናው ላይ ውጪ።”

ዓይኔን ገለጥኩ። “አለቀ?”

“አለቀ።”

“እኔስ?”

“አንቺ ምን?” አሉና ካሎን አዩ። ካሎ እጄን እንደያዘች ነው።

ልጆቼ፣ ደስታ ምን እንደሆነ የማውቀው ከዚያች ደቂቃ ነው። ሠርጌም፣ የበኩር ልጄም፣ ምንም ያንን አያክልም። ሳቄ ፈነዳ። የካሎን እጅ አስለቅቄ እየዘለልኩ ሮጥኩ፤ የታሰረውን ጉልበቴን አላስታወስኩትም። መኪናው ላይ ወጥቼ ከኋላ ቆምኩ። ጥቅሌን እዚያ ሳየው ደግሞ ይብስ ሳቅኩ፤ ልብሴም ለቮላ አልሄደም። ለመትረፌ ሽርሽር ሊወስዱኝ ነው፣ ከተማ አይቼ ልመለስ ነው አልኩ። ካሎ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሳ።

እናቴ ማንጎው ስር ናት። ሁለት እጆቼን አንስቼ አውለበለብኩላት። “እማ!” ብዬ ጮህኩ። “እማ፣ እዪኝ፣ ይኸው ነኝ!”

የጨርቋን ጫፍ አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሷም ከእኔ ጋር የምትስቅ መሰለኝና ይብሱን ሳቅኩላት። አንድ እጇን አነሳችና ጣቷን አጥፋ፣ በአንጓዋ፣ መንገዱን አሳየችኝ። ጨርቁ ነፋስ ሲገልጠው ጫፉ የተቀደደ መሆኑን አየሁ። ከዚያ አቧራው ሸፈናት።

በዲዬጎ መጀመሪያ ሁሉ ነገር መልካም ነበር። መርከብ አየሁ፣ በረዶ ቀመስኩ። ከዚያ፣ “መቼ ነው የምንመለሰው?” ማለት ጀመርኩ። ካሎ፣ “ነፋሱ ሲቆም” ትለኛለች። በየጠዋቱ ተነስቼ ነፋሱን አዳምጣለሁ። በዚያ ከተማ በደረቁ ወራት ነፋስ ሌት ተቀን አያቆምም፤ ቆርቆሮ ይነቅላል፣ የቆመ ሰው ይገፋል። አንድ ቀን ጠዋት ተነሳሁ፣ ዝም ብሏል። እየሮጥኩ ወደ ካሎ ሄድኩ። ጸጉሯን ፈትታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እኛ ዘንድ ሴት ጸጉሯን የምትፈታው ሰው ሲሞትባት ነው። ጃኦማና በሩ ላይ ቆሞ ጫቱን በእጁ ይዟል፣ አይቅምም።

ያን ቀን አለቀስኩ። ያን ቀንና ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን።

ካሎ አሳደገችኝ። እናቴ ናት፤ ሌላ ስም የለኝም ለእሷ። ስታረጅ፣ ዓይኗም ሲደክም፣ ከእኔ ጋር ነበረች። አንድ ከሰዓት ደጃፍ ተቀምጠን ከሩዝ ድንጋይ እንለቅማለን፤ ድንጋዩን በጣቷ እየዳሰሰች ከእኔ ይልቅ እሷ ታገኘዋለች።

“እማ ካሎ” አልኳት። “ያን ቀን ለሐይቁ ምን አለች?”

ማን ብላ አልጠየቀችኝም።

“እንዳታለቅሺ ነው የለመነችው” አለች። “ሌላ ነገር አልለመነችም። እኔ፣ ‘ስለ ጤናሽ ለምኚ እንጂ፣ እዚህ ድረስ መጥተሽ’ አልኳት በዋዜማው። ‘ለሱ ጊዜው አልፏል፤ ልጄ እያለቀሰች ከሄደች ግን መንገድ ላይ ወጥቼ መኪናውን አስቆማለሁ፣ ከኔው ጋር ታልቃለች። እንዳታለቅስ ብቻ ያድርጉልኝ’ አለችኝ።”

ሩዙን በጣቴ በተን በተን አደረግኩ።

“ሰሟት” አለች ካሎ። “እንደዚያ ስቆ የሄደ ልጅ አይቼ አላውቅም። ልጠይቃት ስመላለስ ያንኑ ነበር የምታወራኝ። ‘እየሳቀች ሄደችልኝ፣ እትዬ፣ ስትሄድ እጇን ያነሳችልኝ ሁለቱንም ነው’ ትለኛለች። ለመጣ ሰው ሁሉ ትነግራለች። ሲብስባት እንኳ ያንን ካነሱላት ፊቷ ይፈታል።” አንድ ድንጋይ ዳስሳ አወጣችና፣ “እኔም ብሆን” አለች። “ያ ሳቅሽ ባይኖር እንዴት አድርጌ ነበር የማሳድግሽ? የሰረቅኩሽ ይመስለኝ ነበር።”

ነገሩ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የሳቅኩት ስላልተበላሁ ነው ልላት፣ ከእናቴ እንደምለይ አላወቅኩም ነበር ልላት። ካሎ ግን የደከሙ ዓይኖቿን ወደ እኔ አዙራ ፈገግ ብላለች። አንድ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ።

“አዎ” አልኳት። “ደስ ብሎኝ ነበር።”

ውሸት አይደለም። ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ካሎም የለች፣ ጃኦማናም የለ። ለእናንተ ብነግር የሚጎዳ ሰው የለም። አንዳንዴ ገላዬን የምታጥበኝ የልጅ ልጄ እዚህ ጉልበቴ ላይ ስትደርስ፣ “አያቴ፣ ይኼ ጠባሳ የምንድን ነው?” ትለኛለች። ኮኮናት ስፍቅ ነው እላታለሁ። እሷም ሳሙናውን ይዛ ልታልፍ ስትል እጇን እይዘዋለሁ። ቀስ ብለሽ እላታለሁ፣ እዚያ ላይ ቀስ ብለሽ። እናቴ መጨረሻ የነካችኝ እዚያ ጋ ነው።